ለስንት ቀን ነው?

«አጭር መልሺ» ብለኸኝ ነበር፣ «የተጠየቅሽውን ብቻ፣
ፈገግታም አታብዢ፣ ዝምታም አታብዢ፤ አጭር ቃል ናት መክፈቻ።»
ሦስት ሌሊት ሙሉ በስልክ አስጠንተኸኝ፣
አንተ ፖሊስ ሆነህ፣ እኔ እየሳቅሁ፣ ደጋግመህ ጠይቀኸኝ፤
«ለስንት ቀን ነው?» «ለሃያ አንድ።»
«ማረፊያሽ የት ነው?» «ሬክሳም ከተማ፣ አንድ ሰው ዘንድ።»
«‹አንድ ሰው› አትበዪ» አልከኝ፣ «ስሜን ጥሪ፤
ስም የሌለው ነገር ያስጠረጥራል፤ ‹ኤምሪስ› በይ፣ አትፍሪ።»

ከሊማ ማድሪድ፣ ከማድሪድ ማንቸስተር፣
ያችኑ መልስ ሳጠና፣ ስረሳት፣ ሳስታውሳት ነበር።

ሰልፉ በገመድ ታጥፎ እየተጠማዘዘ፣
ከፊቴ ያለው ሽማግሌ ፓስፖርቱን በሁለት እጁ
እንደ ትኩስ ሳህን ይዞ ተከዘ።
እኔ የላስቲክ ማኅደሬን ደረቴ ላይ ለጠፍኩ፣
የባንክ ወረቀት፣ የመመለሻ ትኬት፣ ሦስቴ ቆጠርኩ፤
የአለቃዬ ደብዳቤ፦ «ኔሊዳ የመነጽር ቤታችን ሠራተኛ ናት፣
ፈቃዷ ሲያልቅ ትመለሳለች፤ ወንበሯን ማንም አይነካባት።»
የጋዝ ሂሳብህ ቅጂ፣ ስምህና አድራሻህ ያለበት፣
የእጅ ጽሑፍህ፣ «እኔ ነኝ የጋበዝኳት» የምትልበት።
የአራት ዓመት ፍቅር ቢጨመቅ፣ ቢታጠፍ፣ ቢለካ፣
የሚመሰክርለት የጋዝ ሂሳብ ኖሯል ለካ!

ጠረጴዛ አሥራ አንድ። መነጽር ያደረገ ሰው።
(ልማድ ሆኖብኝ አየሁት፤ የግራው መስታወት
መሃሉን ስቶ ነው የተገጠመው።)
በዚያ በሳተ መስታወት ፊቴን ከፎቶዬ አስተያየ፣
«ለስንት ቀን ነው?» አለ። ድምፁ ካንተ ድምፅ ተለየ።
«ሃያ አንድ።» «ከማን ጋር?» «ከኤምሪስ።» «ምንሽ ነው?»
ይህን አላስጠናኸኝም። በእኔ ቋንቋ ስንት ስም ነበረው!
በእንግሊዝኛ አንዱ ይጠብሃል፣ አንዱ ይሰፋሃል፣
አንዱ ገና ያልተለካ ልብስ ነው።

ሻንጣዬን ከፈቱ።
ያቺ የአልፓካ ብርድ ልብስ፣ እናቴ ያስያዘችኝ፣
ለሁለት ሰው የምትበቃ፣ ተዘርግታ አጋለጠችኝ።
«ለሦስት ሳምንት ይህን ያህል?» አለች ጓንት ያጠለቀች ልጅ፤
«ስጦታ ናት» አልኩ። እውነቴን ነው፤
ድምፄ ግን ተንቀጠቀጠ እንደ ሌባ እጅ።

አንድ ሰዓት ከሩብ ወንበር ላይ አቆዩኝ፣
የሚያልፉት ሁሉ ወንጀሌን ሊገምቱ በጎን እያዩኝ።
ከዚያ ባለመነጽሩ መጣ፣ ድምፁን እንደ ሐኪም ዝቅ አድርጎ፣
«ልታገቢው ነው?» አለኝ፣ የጻፈውን በመዳፉ ሸሽጎ።

ኤምሪስ፣
አራት ዓመት ሙሉ አንተ ያልጠየቅኸኝን፣
እናቴ ስትጀምረው በቀልድ ያመለጥኩትን፣
አንድ ባለ ማኅተም ጠየቀኝ፣ ቀንና ሰዓት መዝግቦ፣
ለመልሱ ባዶ መስመር ትቶ፣ ጠበቀኝ ቀርቦ።
አገር ልገባ መጥቼ፣ ቃል ግቢ ተባልኩ፤
ቃል ሳልገባ እንዳልመለስ፣ ቃል ገብቼ እንዳልዋሽ፣ ደፍ ላይ ቆምኩ።
«አይ» ብል ብርድ ልብሷ ትመሰክርብኛለች፣
«አዎ» ብል የመመለሻ ትኬቴ ውሸታም ትሆናለች።

«አላውቅም» አልኩት። ካስጠናኸኝ ውስጥ ያልነበረ መልስ።
መነጽሩን አወለቀ፤ ዓይኑን አሸ፤ ቆየ እስኪመልስ።
ማኅተሙ ወረደ። ድምፁ ከጠበቅኩት ያነሰ።
ስለ መስታወቱ ልነግረው ነበር፤
«አጭር መልሺ» ያልከኝ ትዝ አለኝና ቃሉ ከአፌ ተመለሰ።

አንተ ከማዶ፣ ከነአሳንሰር ጠጋኝ ልብስህ፣ ፊትህ ሲያስጨንቅ፣
ሾርባው የቀዘቀዘ ቴርሞስ ታቅፈህ፣ መሳቅ አቅቶህ ስትስቅ።

«ደወሉልኝ» አልክ መኪናው ውስጥ፤ «ያላሰብኩትን ጠየቁኝ።»
«እኔንም» አልኩ፤ ሌላው ቃል ጉሮሮዬ ውስጥ እንቢ አለኝ።
የዝናብ መጥረጊያው ሄደ መጣ፤ ቀይ መብራት ያዘን፤
ጆሮህ ቀልቶ ነበር። ብርድ ልብሷ ከኋላ ወንበር አዳመጠችን።
ምን እንዳልካቸው አልጠየቅኩህ፤ አንተም አልጠየቅኸኝ፤
አረንጓዴው ሲበራ፣
«ቀበቶሽን እሰሪ» አልከኝ።