አርባ ሁለት ቁጥር

እኔ ሴት ስቀበል ከእግሯ ነው የምጀምር፤
ፊት «ደኅና ነኝ» ይላል፣ ፈገግታ ይበደራል ለክብር።
እግር ግን ብድር አያውቅም፤
የጠዋቱ ጫማ ማታ እንቢ ካለው ምስጢር አይጠብቅም።

ማክሰኞ ነው፤ የኮምቦልቻ ቆርቆሮ በሙቀት ሲንጣጣ፣
ሰዓዳ ከጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ፣ ከሌሊት ፈረቃ ወጥታ፣
ተራ ይዛ ጠበቀች፤
ስምንት ወር ሊሞላት ነው፣ የበኩር ልጇ፤ ስጠራት ሳቅ አለች።
እኔ ግን ያየሁት
የባሏን ነጠላ ጫማ ነው፤ ቁጥሩ አርባ ሁለት።

«የራስሽስ?» «እንቢ አለኝ፤ እግሬ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ፤
ወንድ ነው የያዝሽው፣ ወንድ ያሳብጣል ተባለ።»
«ራስሽንስ ያምሻል?» «የማሽኑ ጩኸት ነው፣ እቤት ድረስ ይከተለኛል።»
«ዓይንሽስ?»
ዝም አለች። ከዚያ በሹክሹክታ፦ «በቀን ኮከብ ይታየኛል።»

ካርዱ መጠየቁን ይጠይቃል፦
ዕድሜሽ ስንት? ስንተኛሽ ነው? መንታ ይሆን? ደም ፈሶሽ ያውቃል?
ስኳር፣ የደም ማነስ፣ በቀዶ መውለድ፣
ለየአንዳንዱ ሳጥን አለው፣ ለእርሳሴም መንገድ።
ሳጥን ያልተሠራለት
ባሏ ነው፣ ሚሌ ላይ ከመኪና ሥር የተኛው፣ ስልኩ የተዘጋበት፤
አለቃዋ ነው፣ «ብትቀሪ በሩ ላይ ሌላ አለች» የሚል፤
አማቷ ናት፣ «ልጄ ሳይመጣ የት ትሄጃለሽ» የምትል፤
ሐረጎ ነው፣
ከእኛ እስከ ደሴ እንደ አራስ መቀነት ተፈትቶ የተጣለው።
ይህም ግፊት ነው። በየትኛው ላስቲክ ልለካው?

እውነቱን ልናገር፤ በዚያች ሰዓት ያየሁት ሰዓዳን ብቻ አልነበረም።
ካቻምና አንዲት መጥታ ነበር፣ ከቃሉ ገጠር፤ ስሟን እዚህ አልጽፍም።
«ፀሐይ መታኝ» አለችኝ፤
«ውሃ ጠጪ፣ ጥላ ያዢ» ብዬ ሸኘኋት፣ ሰው በዝቶብኝ።
በሦስተኛው ሌሊት አንቀጠቀጣት።
«ጂኒ ነው» አሉ፤ አፍንጫዋ ሥር ክብሪት አጨሱባት።
ሲነጋ በቃሬዛ መጣች።
የአራስ መቃብር አርባ ቀን አፉን ከፍቶ ይጠብቃል ይባላል፤
የእሷ አልጠበቀም፤ አራስ እንኳ ሳትሆን ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ነው ዓይኔ መሬት መሬት የሚል።
ዓይነ አፋር ናት ይሉኛል። ይበሉ።

የሰዓዳን ክንድ አሰርኩ፣ ነፋሁ፣ አየሩን ለቀቅሁ፤
መቶ ሰባ በመቶ አሥራ አምስት። እንደገና ለካሁ።
ያው ነው።
ሽንቷ የነካት ወረቀት አረንጓዴ ሆነች፤
ይህች ቀለም ሌላ ቦታ ስንት ደስታ ነበረች!
መርፌውን ወጋኋት፣ ግራና ቀኝ ዳሌዋን።
«እንደ እሳት ነው!» አለች።
እንደ እሳት ነው። አውቃለሁ።

ይመር አምቡላንሱን አስነሳ፤ ናፍጣው ግማሽ፣ ጎማው የተላጠ፤
አማቷ ደረሰች፣ ሻሿ ከራሷ ያመለጠ፣
ዱዓዋን ሳትጨርስ «ማርያም፣ ማርያም!» ስትል ሰማኋት፤
በእኛ አገር፣ በእንዲህ ያለ ቀን የማይንኳኳ የሰማይ በር የት አለና ልቆጣት?
«ልጄ ሳይመጣ» አላለችም።
ነጠላዋን አንጥፋ ከሥሯ አደረገችላት፤ ሌላ አልተናገረችም።

ሐረጎ ላይ ጉም ወርዷል። ከፊታችን አንድ ሲኖትራክ ያቃስታል።
ኩርባ መቁጠር ጀመርኩ፤ አሥራ አንድ ላይ ጠፋብኝ።
በጣቴ ጉልበቷን መታ አደርጋለሁ፤
እግሯ ወደ ላይ ስትወረወር
እንደ ልጅ ደስ ይለኛል፤ መድኃኒቱ አልበዛም ማለት ነው፤
ደግሜ እመታለሁ።
ጢጣ ስንደርስ ብርዱ ገባ።
«ደሴን አይቻት አላውቅም» አለች፣ «ሳላያት ልሞት ነው?»
«አብሽሪ» አልኳት።
በኮሌጅ ሦስት ዓመት ተምሬ፣ ከዚህ የሚሻል ቃል አላገኘሁም።

ወንድ የተባለው ሴት ሆነች፤ አንድ ኪሎ ከስምንት መቶ፣
ጩኸቷ ግን የፋብሪካ ነው።
አርባ ሁለት ቁጥሩ ጫማ አምቡላንሱ ውስጥ ቀርቶ
እስካሁን ይመር ውሃ ይቀዳበታል፤ «ባለቤቱ ሲመጣ እመልሳለሁ» እያለ።

በአርባ አምስት ቀኗ ሰዓዳ መጣች፣ በገዛ ጫማዋ፣
ልጇን ደረቷ ላይ አዝላ፣ ሳቋ ከእሷ ቀድሞ።
ወደ መሬት አየሁ፤ ሠላሳ ሰባት።
ልስማት ጎንበስ ስል
ከኋላዋ የቆመችውን አየኋት፤
የጫማዋን ማሰሪያ ፈትታለች።