አርባ ሦስት

ማክሰኞ ማለዳ፣ በስኮትላንድ ጠረፍ፣
የባሕሩ ነፋስ መስኮቱን ሲገርፍ፣
ሩአሪ ይመጣል ቴርሞሜትር ይዞ፣
ግራ እጁ በብርዱ ጭራሽ ደንዝዞ።

ቧንቧውን ይከፍታል። አንድ ደቂቃ ይቆጥራል።
የመጀመሪያው ውሃ ይዋሻል፤
እውነቱ ዘግይቶ ይወርዳል።

ምድር ቤት ያለው በርሜል ስልሳ ዲግሪ ይግላል፤
እዚያ ከቀዘቀዘ ቧንቧው ውስጥ ደዌ ይራባል፤
እዚህ ከጋለ ደግሞ
የአረጋዊ ቆዳ እንደ ሽንኩርት ይላጣል።
በመሐል ጡጫ የምታህል የናስ እቃ አለች፣
ሙቁን ከቀዝቃዛው ያለ ሽማግሌ የምታስታርቅ፤
ዝገት የነካት ቀን እርቁ ይፈርሳል፣
ድምፅ ሳይሰማ፣ ሳይታወቅ።

ክፍል አሥራ አንድ ኢሶቤል አለች፣
በበረዶና በጨው አርባ ዓመት አሳ የበለተች፤
ዘንድሮ ዘጠና አንድ ዓመቷ፣
እንኳን ውሃ፣ እሳትም አይሰማው ጣቷ።
«ጨምርልኝ ልጄ፣ ይሄ የድመት ምራቅ ነው!»
ይስቃል።
አይጨምርም።

ስለ ክፍል ዘጠኝ አይነግራትም፤
ስለ ሽማግሌው ሶርሊ፣ ስለዚያ ገንዳ፣
ያን ሳምንት ቸኩሎ፣ ምንም ሳይለካ፣
«አርባ ሦስት» ብሎ ከልማድ እንደጻፈ።
ገጹ ዛሬም አለ፤ አልቀደደውም።
ሰውዬው ግን አለፈ።

ቀዩ መስመር ይቆማል። አርባ ሦስት።
እጅጌውን ሰብስቦ ክርኑን ይነክራል፣
እንደ አራስ እናት።
ደግሞ ይለካል። ከዚያ ነው የሚጽፍ።

ኢሶቤል እግሯን ታስገባለች፤
«ቀዝቃዛ! የእግዜር ያለህ!» ትላለች።
«እሺ» ይላል፤
እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ
አሥራ ሁለትን ያንኳኳል።