የወርዶፋ ፊሽካ

አዳማን ገና ናዝሬት ባሏት ዘመን፣
ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ከግንቡ ላይ ሆነን፣
አንሶላ ወጥረው ፊልም ሲያሳዩ አየን።
ስሙኒ የሌለን ሦስት ዱርዬዎች፣
ግንብ ጫፍ የሰፈርን እንደ ጭልፊቶች።
ወደ ግራ ፊልሙ፣ ወደ ቀኝ በሩ፣
በሩ ላይ ወርዶፋ፣ እንደ ግንድ መገተሩ።

ወርዶፋን ታውቁት እንደሁ እንጃ፤ አላውቅም።
አስር አለቃ ነው፤ አለቃነቱ ግን
ከትከሻው እንጂ ከልቡ ላይ የለም።
ሰዉ እንዳወራው፣ በክረምት ሌሊት፣
ከወንጂ በመጣው ስኳር መጋዘን ፊት፣
ጓዱ ሰንበቶ ሲወጋ በስለት፣
እሱ ከፉርጎ ሥር፣ ፊሽካ በአፉ ይዞ፣
ትንፋሹ ከአንገቱ አልወጣም ደንዝዞ።

ሰንበቶ አልሞተም፤ ግራ እግሩ ሰለለ፤
ሎተሪ ሻጭ ሆነ፤ «ተመስገን ነው» አለ።
ወርዶፋን ሲያገኘው ሰላም ይለው ነበር፣
እሱ ነው ዓይኑን ወደ ጫማው የሚሰብር።
ስድብ ቢሆን ኖሮ ይቻላል፤ ሰላምታ
እንዴት ይሸከሙታል ጧትና ማታ?

አዛዡ አዘነለት፣ ወይም አፈረበት፤
ሕፃን የሚያባርር የፊልም ዘበኛ አረገው፣ በር ሰጠው እንደ ቤት።
ፊሽካውስ አለች፣ ከደረት ኪሱ፣
በነሐስ ሰንሰለት ታስራ ከልብሱ።
ከንፈሯ ስንጥቅ ነው፤ ድሮ ስትነፋ፣
አንዱ ድምጿ ሲጮህ አንዱ ሲያንኮራፋ፣
«ጉንፋን የያዛት» እንላት ነበር።

ያን ማታ የመጣው ፊልም ያረጀ፣
ፊልም አፍ በፈታ ሰሞን የተበጀ፣
ድምፁ እንደ ቆሎ የሚንጣጣ፣
ሰው አፉን ሳይከፍት ቃሉ ቀድሞ የሚመጣ።
ሽጉጥ አለበት፤ ጭጋግ የዋጠው ወደብ፤
አንድ ፈረንጅ ፖሊስ፣ ካፖርት የሚጎትት።
ጋሽ ቆርቻ፣ አስተርጓሚው፣ በቆርቆሮ መለከት ይጮኻል፦
«ይህ ሰውዬ ፈሪ ነው! ጓደኛውን ከድቷል!»
ሳቅ። ፉጨት።
ጀርባውን ለፊልሙ ሰጥቶ ቆመ ወርዶፋ፤
ጀርባ ግን ይሰማል፤ ቆቡን ዝቅ አርጎ ደፋ።

ከዚያ የአዳማ ነፋስ፣ ያው የምታውቁት፣
አንሶላውን ነፋው፤ ፈረንጁ አበጠ፣
ጉንጩ ከነዓይኑ ወደኛ ፈጠጠ።
ሌባው ከወደቡ ሲያመልጥ በጨለማ፣
ፖሊሱ ፊሽካውን ወደ ከንፈሩ ሲያስጠጋ
ድምፁ ጠፋ። ምንም አልተሰማ።
ሥዕሉ ይሄዳል፤ ቃል ግን የለም፤
ሦስት መቶ ሰው፣ አንድ ትንፋሽ፣ ዝም።

በዚያች ዝምታ ነው ወደ ቀኝ የዞርኩት፣
ከትኬት መስኮቱ ሥር ሰውዬውን ያየሁት።
እትዬ አስካለች የሳንቲም ሣጥኗን እንደ ሕፃን አቅፋ፣
ጩቤ ከጉሮሮዋ፤ አፏ ተከፍቷል፣ ድምጿ እንደ ፊልሙ ጠፋ።

ወርዶፋ አየ። አሥር ርምጃ ነው መሀሉ።
ሱሪው ይርገበገባል፤ ነፋስ ነው አትበሉ።
ፈራ። ሰው ሲያወራው ይህችን ይዘላል፤
እኔ ግን አየሁት፤ እጁ ኪሱን ስቶ ሁለቴ ባዶ ጨርቅ ይዳብሳል፤
በሦስተኛው አገኛት።
ነፋት።

አንዱ ድምጿ ጮኸ፤ አንዱ አንኮራፋ፤
ያበጠው ፈረንጅም በዚያው ቅጽበት ጉንጩን ነፋ።
ሕዝቡ ጭብጨባ! «ድምፁ መጣ! ድምፁ መጣ!»
የፈረንጁን ሌባ ሊያይ ሰዉ ወንበር ላይ ወጣ።
የኛው ሌባ ባከነ፤ ፊቱ ፖሊስ፣ ጀርባው ጭብጨባ፣
ለሱ የተደገሰ መሰለው፤ ወዴት ይግባ?
ጩቤውን ሰነዘረ፤ የወርዶፋ መዳፍ ተሰነጠቀ፤
ሰውዬው ግን ከግንቡ ጋር ተጣበቀ።
«ጀግናው ሌባውን ያዘው!» አለ ጋሽ ቆርቻ፣
አንሶላውን እያየ፤ አንሶላውን ብቻ።

ከሦስተኛው ረድፍ አንድ ክራንች ተነሣ፤
ሳያጨበጭብ ጆሮውን ወደ በሩ ያዘነበለ፣
«ይቺ የፈረንጅ አይደለችም፤ ጉንፋን አለባት» አለ።
እግሩን እየሳበ መጣ፤ ሎተሪ ከያዘበት ኪሱ
መሐረብ አውጥቶ መዳፉን አሰረው፣ ሰንበቶ ራሱ።
ወርዶፋ እንደ ልማዱ ወደ ጫማው ሲያይ፣
«ቀና አርገው እንጂ፤ ዝቅ ሲል ነው የሚደማው።»
እጁን ይሁን ዓይኑን፣
ከግንቡ ላይ አልለየነው።