ሰባተኛው ደረጃ

ከንደራ ሰፈር ነው፣ ጂዳ፣ ባለ አምስት ፎቅ፤
ከደረጃው ሥር ነን፣ ጣሪያችን ዝቅ ዝቅ።
አባቴ እንድሪስ የሕንጻው ዘበኛ፤
አንድ ክፍል፣ አንድ ስልክ፣ ተማሪዎች እኛ።

በሽታው ገባና ትምህርት ቤት ተዘጋ፤
ክፍሉም መምህሩም ወደ ስልክ ተጠጋ።
ነጃት፣ ታላቅ እህቴ፣ ስምንተኛ ክፍል፤
እኔ ሦስተኛ ነኝ፤ ስልኩ ግን አይከፈል።

ጠዋት ባንድ ሰዓት የነጃት ተራ ነው፤
ግን ጠዋት ያ ስልክ የአባቴ እንጀራ ነው።
"እንድሪስ፣ ጋዝ አምጣ!" "እንድሪስ፣ አሳንሰሩ!"
"እንድሪስ፣ ዕቃ መጣ፤ ልጁ ቆሟል በሩ!"
አንድ ጥሪ ባመለጠው ዘበኛ ላይ
ሌላ ዘበኛ ይቀጠርበታል።
ነጃት ይህን ታውቃለች። አልጠየቀችም።
"ያለፈውን እከልሳለሁ" አለች፤
መጽሐፏን ፍራሹ ሥር አስተኛች።

ዘጠኝ ተኩል ሲሆን ስልኩ ይፈታና
ወደ እኔ ይመጣል፣ ትኩስ ነው ገና፣
ከአባቴ ጆሮ ላብ፣ ከጂዳ ወበቅ፤
አንድ፣ ሁለት እያልኩ ደረጃው ላይ ስዘልቅ፣
የኡም ተርኪ ዋይፋይ፣ ከአንደኛ ፎቅ ወጥቶ፣
ሰባተኛው ላይ ነው የሚቆም ታክቶ።
(የይለፍ ቃሉን አባቴ ያውቃል፤
ሳጥኑን ግድግዳዋ ላይ የሰቀለው እሱ ነው።)
ስድስተኛው ላይ የለም።
ስምንተኛው ላይ ደግሞ የበሯ ዓይን ያያል።

"ፈይሰል?" ይላል ኡስታዝ። ፈይሰል "አለሁ" ሲል
ቤቱ ጭር ያለ ነው፣ ምንጣፉ የሚሰማ ይመስል።
"ሙዓዝ?" ሲለኝ ደግሞ፣ ማይኬን ስከፍት፣
የነጠላ ጫማ ኮቴ፣ የአራተኛ ፎቅ ባልና ሚስት፣
የብረቱ በር፣ የሕፃን ልቅሶ
"አለሁ" ይላል አብሮኝ፣ ድምፄን ውጦ ጨርሶ።
"ሙዓዝ፣ ገበያ ነህ?" ኡስታዝ ጠየቀ፤
ሠላሳ ልጅ ሳቀ።

በማግስቱ ነጃት፣ ያንን ቢጫ ምልክት፣
"ተጠንቀቅ፣ ያዳልጣል" የተጻፈበት፣
ከደረጃው ግርጌ አምጥታ ገተረች፤
መወልወያ ይዛ አጠገቡ ቆመች።
ጠብታ ውሃ የለም፣ ባልዲው ራሱ ባዶ፤
"እርጥብ ነው" የሚል ቃል፣ ሰዉን ሁሉ ሰዶ
ወደ አሳንሰሩ፣
ጸጥ አለ ሰፈሩ።

እህቴ ዋሽታ አታውቅም ነበር።
ያን ዓመት ግን በየቀኑ ዋሸች፣
ከዘጠኝ ተኩል እስከ ዐሥራ አንድ።
አላህ በየትኛው መዝገብ እንደጻፈው እንጃ።

አንድ ቀን ክፍልፋይ ነበር ትምህርታችን።
"አንድ ዳቦ ለሁለት ሲቆረስ" አለን ኡስታዛችን፣
"እኩል ካልሆነ ግማሽ አይባልም።"
ነጃት መወልወያዋን ተደግፋ ሰማች፤ ምንም አላለችም።

ግንቦት ላይ ውጤት መጣ፤ ሰባተኛ ወጣሁ።
አባቴ ከሚሴ ደወለ፣ ለአጎት፣ ለአክስት፣ ለጎረቤት፣
"ሰባተኛ ደረጃ!"
ነጃት ከት ብላ ሳቀች፦
"ምኑ ይገርማል? ዓመቱን ሙሉ ከሱ ላይ መች ወረደ?"
በእሷ ወረቀት ላይ ግን አንድ ቃል፣ ከላይ እስከ ታች፦
አልተገኘችም። አልተገኘችም። አልተገኘችም።
ቤት ነበረች እኮ።
ከእሷ እስከ ስልኩ ሁለት ክንድ አይሞላም።

ዘንድሮ እኔ ስምንተኛ ገባሁ።
እሷ ሁለተኛ ፎቅ የሰው ልጅ ትይዛለች።
ትናንት ፍራሹን ሳነሳ መጽሐፏን አገኘሁት፤
እስከ ገጽ ዐሥራ አራት የእርሳስ መስመር፣
ዳር ዳሩን ደቃቅ ጽሕፈት፣ አንድ ቦታ ላይ የጥያቄ ምልክት።
ከዐሥራ አምስት ወዲያ ነጭ ነው፤
ንጹሕ፣
ማንም እንዳልረገጠው፣
ገና እንደተወለወለ ደረጃ።