ሦስተኛው ወንበር

አስራ አንድ ሰዓት ሆነ። ሴልከርክ ጎዳና
ጀምበሯ ከእኔ ቀድማ ከሥራ ወጥታለችና
በረዶው ሰማያዊ፣ መስኮቱ ጨለማ።
«ዶክተር፣ መብራት አደራ» የዳርሊን ድምፅ ሲሰማ፣
መኪናዋ ሲያጓራ፣ እንቢ ሲል፣ ሲነሳ፣
ያን ጊዜ ነው ከጧት የጎበጠ አንገቴን የማነሳ።

አስራ ስምንት አፍ ነበር የዚያን ቀን የከፈትኩት፤
አስራ ስምንት ጊዜ ነው «አይዞህ፣ አያምም» ያልኩት።
አልዋሸሁም፤ መርፌዬ ጥሩ ነው፤ አላመማቸውም።
ያመመው ሌላ ነው፤ ማንም አልጠየቀውም።

ከዚያ ወደ ሦስተኛው ወንበር፣ ወደ ጥጉ።
ጭምብሉ እንጆሪ ይሸታል፤ ፈሪ ልጅ ማባበል ነው ወጉ።
ቁልፉን አንድ ዙር ወደ ግራ፣ ግማሽ ዙር ወደ ቀኝ፤
የሳቅ ጋዝ ይሉታል፤ አንድም ቀን አላሳቀኝ።
ዝምታ ነበር ትርፉ። ለሃያ ደቂቃ
የክሊኒኩ ብድር በቃ፣ የወገቤ ሕመም በቃ፣
ሰው ጥርስ ሥር ውስጥ ተሰብራ የቀረችው ሽቦ፣
የጠበቃው ደብዳቤ ከሒሳቡ ጋር ተደራርቦ፣
በቃ። ለልጆች ተብሎ ጣሪያው ላይ የተሳለው ዓሣ ነባሪ
ብቻውን ይዋኛል፣ ያለ ከልካይ፣ ያለ ጠሪ።

ጥርስ ባዳ ነው ይላል ተረቱ ሲጀምር፤
ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ባዳውን ሳሳምር
ዘመዱ፣ ከውስጥ ያለው፣ ሲቦረቦር።
ተማሪ ሳለሁ መንጋጋ በሰም ቀርጫለሁ፤
ሰሙን በእሳት አቅልጬ ወርቅ አፍስሻለሁ።
የራሴን ፈገግታ ግን ያቀለጠው የለም፤
ቢያቀልጡትስ? ከላይ ሰም፣ ከታችም ሰም።

መጀመሪያ የከዳኝ ሌባ ጣቴ ነው፤ እውነትም ሌባ።
መስታወቷን ታካሚው ደረት ላይ ጣላት፣ የግንቦት ወር ሲገባ።
ሰው ሳደነዝዝ ኖሬ እጄ ደነዘዘ፤
እግሬም ጥጥ እንደረገጠ ደረጃው ላይ ተወዛወዘ።
ሐኪም አላማከርኩም። ምን ልበል? ምን ብዬ?
ጋዙ ነርቭ እንደሚበላ ተፈትኜ አልፌዋለሁ፣
ያውም ተሸልሜበት፤ ጉድ እኮ ነኝ፣ ጌታዬ!

ኅዳር ላይ፣ ዳርሊን ናት ያገኘችኝ። ጓንቷን ረስታ ኖሮ
ተመለሰች። በሩ፣ ብርሃኑ፣ እኔ፣ የእንጆሪው ሽታ፣ ሁሉም አብሮ።
አልጮኸችም። ቧንቧውን ዘጋች። ባለጎማዋን ዱካ ስባ
ከራስጌዬ ተቀመጠች፣ ሳትቆጣ፣ ሳታነባ።
በመብራቱ ሥር ለሰው ሁሉ የምለውን፣
ሺህ ጊዜ ከጎኔ ቆማ የሰማችውን፦
«አፍህን ክፈት፣ ዶክተር።»

ከፈትኩት።

ዛሬ ጧት ደወልኩ። የተቀዳ ድምፅ ነው የሚመልስልኝ፤
«የዛሬው ቀለም ቢጫ።» ቢጫ ነኝ። ብርዱ ሲገርፈኝ፣
ከዜሮ በታች ሠላሳ አራት፣ ጉንጬ ሳይላወስ፣
አንድ ኩባያ ሽንት ልሰጥ፣ ሰው ቆሞ እያየኝ ላንስ።
እንዲህ ነው ለካ
አፍ ከፍቶ በሰው ብርሃን ሥር መጋደም።

ሐሙስ ሐሙስ ምድር ቤት፤ አንድ አብራሪ፣ ሁለት ነርስ፣
ሎይድም አለ፣ አርባ ዓመት ሙሉ የነቀለ ጥርስ።
«መንቀልማ ማንም ይነቅላል» ይላል፣ ብስኩቱን እየነከረ፤
«ጉድጓዱ ነው ሥራው። ደም ይርጋበት፤ ያ ነው የቀረ።
በምላስህ አትነካካው።»
እነካካዋለሁ።
ሌሊት ሌሊት። ጧት ግን እደውላለሁ።

ሦስተኛው ወንበር የለም። ወለሉ ላይ አራት የብሎን ቀዳዳ።
በሳምንት ሁለት ቀን እሠራለሁ፤ ዕዳው ግን ያው ዕዳ።
ትናንት ጄሪኮ መጣ፣ የሰባት ዓመት ልጅ፣ መንጋጋው አብጦ፣
የእናቱን እጅጌ ይዞ፣ ጥጉ ላይ ወዳለው ዓሣ ነባሪ አፍጥጦ።
«ያማል?» አለኝ።
ጉንጩን ዳሰስኩት። ትኩሳቱ ጣቴ ጫፍ ላይ
ትንሽ ዘግይቶ ደረሰ።
«ያማል» አልኩት። «ትንሽ። ሲያምህ እጅህን አንሣ፤ አቆማለሁ።»

አነሣ።
አቆምኩ።