አራት መቶኛ

ኡርፖ ዓይኑ ደክሟል፤ እጁ ግን አልከዳው፣
የቀለህ ስንጥቁን በጥፍሩ ነው የሚረዳው።
ቁጥር ሲሆን ብቻ፣ የማይክሮሜትሩ
ጭረቶች ተቃቅፈው አንድ ጭጋግ ሲያድሩ፣
አጥሩን ዞሮ መጥቶ፣ መስኮቴ ስር ጠርቶኝ፣
«የቶርኖው ልጅ» ይላል፣ «ና ዓይንህን አውሰኝ።»

እሄዳለሁ። ምን ላድርግ?
አቃቂም፣ እዚህም፣ በቶርኖ ፊት ቆሜ
ልክ ነው እንጀራዬ፣ ልክ ነው ሕመሜ።

ጥቅምት ነው በኩህሞ። ሐይቁ ዳር ዳሩን
ስስ በረዶ ይዞት፣ ሰው ይወለውላል ጠመንጃውን፤
ነገ ጫካ ገብቶ ሂርቪ ሊያሳድድ፣
ቀንዱ መንሽ የሚያክል፣ እርምጃው ግን የማይከብድ።

ከሳውናው ጀርባ ናት የኡርፖ ጓዳ፤
ባሩዱ በጣሳ፣ ሚዛኑ እንደ እንግዳ
በነጭ ጨርቅ ላይ ተቀምጦ፣
ትንፋሽ እንዳያዛባው በር ተዘግቶ፣ ሰው ድምፁን ውጦ።

ሁለት ጠመንጃዎች ጎን ለጎን ተጋድመዋል፤
አንድ ሰደፍ፣ አንድ ምላጭ፤ መንታ ናቸው ያሰኛል።
አንደኛው የኡርፖ፣ ሌላው የታርሞ ነው፤
የወንድሙ፣ በመጋቢት የቀበረው።

አሥራ አንድ መኸር ቃል ሳይለዋወጡ
ከአንድ መንገድ ዳር ሣጥን በየተራ ፖስታ እያወጡ
ኖረዋል።
ሰበቡ ጥይት ነው። ኡርፖ ለራሱ ሲሞላ
ለታርሞም ሞላለት፤ ያንኑ አረር፣ ያንኑ ባሩድ፣ ሳይለይ ሌላ።
ታርሞ ቢተኩስ ማቀባበያው ነክሶ
ትከሻው ጠቆረ፤ ሂርቪው ሸሸ አንክሶ።
አንዱ «ጥይትህ ነው»፣ አንዱ «እጅህ ነው» አለ፤
«መጠጥህ ነው» ተባለ፤ ነገር ተቀጠለ።
ነገር ነገርን ሲያነሳ የእናት ቤት ተነሳ፣
የተሸጠች ጀልባ፣ ያልተከፈለ ዓሣ።

ዛሬ ግን ኡርፖ ለስላሳ እርሳስ ያዘ፤
ዘይት ቀብቶ በአፈሙዙ ከቶ፣ በእንጨት ዘንግ አስጓዘ።
መዶሻው ቀስ ሲል እርሳሱ አቃሰተ፤
የበርሜሉን ገመና ይዞ፣ ሞቅ እንዳለ፣ መዳፌ ላይ ተገኘ።
እርሳስ ሆድ የለውም። የገባበትን ይመስላል።

«አንብብልኝ» አለኝ። የራሱን አነበብኩ፤
ሰባት ነጥብ ሰማንያ ሰባት።
«የታርሞን።» ከፈትኩ፣ አጠበብኩ፣ ደግሜ አጠበብኩ፤
ሰባት ነጥብ ሰማንያ ሦስት።

በአማርኛ ቆጥሬ በሱ ቋንቋ ስናገር
ምላሴ ይዘገያል ሁልጊዜ፣ ያው እንደ ነበር፤
እሱ ያመነታሁ መስሎት «ድገመው» አለኝ።
ደገምኩት።
«ድገመው።»

አራት መቶኛ ሚሊ። ፀጉር ይወፍረዋል።
ሳጥኑ ላይ ያለው ስም ግን ለሁለቱም አንድ ይላል፤
ስም ሌላ፣ ልክ ሌላ።
«ልክ ዘመድ የለውም» ይሉ ነበር ጋሽ ድንበሩ፣
የአቃቂው አለቃዬ፣ የሠራሁትን ሲሰብሩ።
ይህን ለኡርፖ አልነገርኩትም።
የሚያስፈልገው አልመሰለኝም።

ሚዛኑን በጨርቁ ሸፈነው። ረጅም ጊዜ ሸፈነው፣
ጫፉን አስተካክሎ፣ እንደገና አንስቶ፣ እንደገና አለበሰው።
ከዚያ «ነገ ሱቅ ስትሄድ» አለ፣ «አረር ግዛልኝ፤
ሰማንያ ሦስቱን። አንድ ሣጥን ይበቃኛል።»
«ለማን?» አልኩ ሳላስብ። ታርሞ የለም። የሱን ጠመንጃ
የሚያነሳ ሰው የለም፤ ልጅ የለው፣ የልጅ ልጅ።
«ቢሆንም» አለ ኡርፖ።
«ቢሆንም በልኩ ይሁን።»

ሐሙስ ለት ሚስቱ ሂልካ ልብስ ስታጥብ፣
የማሽኑ ሆድ ቋ ቋ ሲልባት፣
አቁማ፣ ውኃውን አፍስሳ፣ እጇን ሰዳ አወጣችው፤
የታርሞ እርሳስ ነው፣ ከሱሪው ኪስ።
ምንም አልጠየቀችው።
አደራርቃ እዚያው ኪሱ መለሰችው።