ፈቃድ

ባሕሩ ሰዓት ያውቃል፤ ከአምና ጀምሮ
መጥቶ የሚሄድበት ታትሟል ተቆጥሮ።
ፍሪስላንድ፣ ከዳቦ ቤት በር የተለጠፈው ዝርዝር
ለእያንዳንዱ ጧት ደቂቃ ሲሰፍር፣
«ሐሙስ፤ አምስት ከሩብ ውሃው ይመለሳል»
ይላል፤ ሐሙስ ሲደርስ ውሃው ይመለሳል።

ኦኖ መንገድ መሪ ነው፤ ባሕሩ ሲጎድል፣ ጧት፣
እግረኛ ያሻግራል በጭቃው፣ ወደ ደሴት።
ዱላው የአባቱ ነው፣ ሙያው የአባቱ፣
ነፋስ ሲዞር ቀድሞ የሚያመው ጉልበቱ
እሱም የአባቱ።
ፈቃዱ ከኪሱ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣
ማኅተም ያረፈበት፣ ፎቶውን አዝሎ።

ያን ሐሙስ ዘጠኝ ሰው ይዞ ወጣ።
ሦስተኛው ቦይ ጋ ከምሥራቅ ጭጋግ መጣ፤
ስስ ነው፣ መስታወት ላይ እንደ ደረቀ ወተት።
ዝርዝሩ «ጊዜ አለ» ይላል።
ኦኖ ዱላውን ተከለ። አሸተተ። ቆየ።
«እንመለስ» አለ።

ጌሸ፣ ፊዚክስ ተማሪዋ፣ ጭቃ እስከ ጭኗ፦
«ነፋሱን፣ ጉልበትህን፣ የአባትህን ሞት፣
ሁሉን የሚያውቅ ቢኖር፣ ሁሉን ቀምሮት፣
ትናንት ይነግረን ነበር ዛሬ እንደምትመለስ።
ታዲያ ማን መለሰን? አንተ ነህ? ወይስ…»

ኦኖ ወደ ኋላ ሳያይ፣ ዱካውን እየለካ፣
«ይቀምር» አለ፣ «ይቀምር፤ እኔን ምን ሊነካ?
ግን እዚች ቦይ ሲደርስ ስሌቱም ይቆማል፤
የኔን ማመንታት ሳይረግጥ በየት ይሻገራል?»

ሳቀች። ደረሱ። ሾርባ ጠጡ፣ ካልሲ አደረቁ።
ጭጋጉ? ተበተነ፣ ከዳርቻው ሳይርቁ።
ማንም አልሰጠመም፤ ስለዚህ ማንም አላመሰገነ።

ሌሊት ግን ኦኖ ጣራ ጣራውን ያያል።
አምና፣ በዚሁ ቦይ፣ በዚሁ ጭጋግ፣
ቆሞ ነበር፣ አሽትቶ ነበር፣
ቀጠለ።
ከጡረተኛዋ ከሄልማ የተመለሰው ቢጫ ቆቧ ብቻ ነው።
መርማሪው «አደጋ» ብሎ ፋይሉን ዘጋ።
«ተጽፎ ነው እንዳልል» ይላል ለጨለማው፣
«ቆቧ ትዝ ሲለኝ የሚነደው ፊቴ የማነው?»

ጧት ከዳቦ ቤቱ በር ዝርዝሩን በጣቱ ወረደ፤
ዓርብ፤ ስድስት ከአምስት። ባሕሩ በሰዓቱ ሄደ።
ሰባት ሰዎች ጫማቸውን አውልቀው ይጠብቁታል።
ኪሱን ዳሰሰ፤
ፈቃዱ አለ።
ነፃ አይደለም እንጂ፤
በየዓመቱ ይከፍልበታል።